የመልክዓ ምድርና የአትክልት ስፍራ ንድፍ ሙያ ሥልጠና፦ ለራያ ቆላ ከተሞች ያለው ፋይዳ

በሰሜን ወሎ ዞን የምትገኘው የቆቦ ከተማ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 470 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሥፍራ የተቆረቆረች ናት። ከተማዋ ያረፈችበት ሰፊ ሜዳ በስተምዕራብ ከደጋው ተዳፋት፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ከዞብል ተራራ ጋር ይዋሰናል። የአካባቢው ዝናብ በመጠንም ሆነ በወቅት የሚዋዥቅ ሲሆን፣ እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ከደጋው የሚያወርዱት ጎርፍ በአንድ በኩል ለአርሶ አደሩ የመስኖ ሀብት፣ በሌላ በኩል ለማሳና ለመኖሪያ ሥጋት ሆኖ ይታያል።

እንዲህ ባለ አካባቢ የአንድን ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ቅጥር ግቢ ማልማት የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በየካቲት ከደረቀ፣ ለጉድጓድ ቁፋሮ፣ ለችግኝና ለማጓጓዣ የወጣው የመንግሥት ገንዘብና የሕዝብ ጉልበት አብሮ ይባክናል፤ በቀጣዩ ክረምትም ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህን ብክነት ለመቀነስ ከሚረዱት መንገዶች አንዱ የመልክዓ ምድርና የአትክልት ስፍራ ንድፍ በሙያ ደረጃ የሠለጠነ የሰው ኃይል ማፍራት ነው።

የሙያው ምንነት

ሙያው ከሦስት ወገን ዕውቀትን ይወስዳል። እነዚህም ከምህንድስና ቅየሳና የውኃ አወራረድ፣ ከግብርና የአፈርና የዕፅዋት አያያዝ፣ ከሥነ ሕንፃ ደግሞ የቦታ አጠቃቀምና ንድፍ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርቱ የከተማንና የአካባቢን ሰፊ ዕቅድ የሚያወጡ ባለሙያዎችን የሚያፈራ ሲሆን፣ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ ግን የሚፈለገው ንድፍ አንብቦ በመሬት ላይ የሚያውል፣ አነስተኛ ግቢዎችን ራሱ የሚነድፍና ተክሉ እስኪጸድቅ ድረስ የሚከታተል ባለሙያ ነው። በጀርመን የአትክልት ስፍራና የመልክዓ ምድር ሙያተኛ በድርጅትና በትምህርት ቤት ጥምረት ለ3 ዓመት ሠልጥኖ ፈተና እንደሚወስድ ይታወቃል።

የሥልጠናው ሥርዓት

በሀገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በ1990ዎቹ አጋማሽ 10+1፣ 10+2 እና 10+3 በሚሉ መርሐ ግብሮች ይሰጥ ነበር። በዚያው ወቅት የተስፋፉት የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ የወረታና የኮምቦልቻ ኮሌጆችን ጨምሮ፣ በዕፅዋት ሳይንስና በተፈጥሮ ሀብት መስኮች በርካታ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። እነዚህ ሁለት መስኮች ለመልክዓ ምድር ሙያ ቅርብ መነሻ ናቸው፤ የሚጎድላቸውም በዋናነት የንድፍና የግንባታ ክህሎት ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥልጠናው በሙያ ደረጃዎች ላይ እንዲመሠረትና ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 እንዲዋቀር አድርጓል። በዚህ አሠራር ሠልጣኙ የሚመዘነው በክፍል ውስጥ ባሳለፈው ጊዜ ሳይሆን ሥራውን መሥራት በመቻሉ ነው። የሙያ ብቃት ምዘናውም በኮሌጅ ለሠለጠነ ብቻ ሳይሆን ሙያውን በልምድ ላገኘም ክፍት ነው። በመሆኑም ለዓመታት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የሠራ ወይም ጎርፍ በመጥለፍ ማሳውን ሲያጠጣ የኖረ ሰው ያለውን ዕውቀት አስመዝኖ ዕውቅና ሊያገኝበት የሚችል በር አለ።

ከቆላው ሁኔታ ጋር የተጣጣመ ሥልጠና

በራያ ቆላ የሚሰጥ ሥልጠና ከሁሉ አስቀድሞ የውኃ ስሌትን ማስተማር ይኖርበታል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 200 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው መሥሪያ ቤት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል እስከ 2 ሺህ ሊትር ውኃ ይወርዳል። ይህ ውኃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ማጠራቀሚያ ወይም ወደ ተክሎቹ መደብ ካልተመራ ግቢውን ሸርሽሮ ያልፋል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃን በጠብታ መስኖ ለመጠቀም የተሠራው ሥራም በግቢ ልማት ለሚሠለጥኑ ተግባራዊ ትምህርት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ አፈር ነው። ኮትቻ አፈር በዝናብ ወቅት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ያለ በቂ መሠረት የተነጠፈ የእግረኛ መንገድና የተሠራ ዝቅተኛ አጥር ብዙ አይቆይም። ሦስተኛው የዕፅዋት ምርጫ ነው። ቁርቁራ፣ ግራርና ኒም ድርቅን ከሚቋቋሙት መካከል ሲሆኑ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ግሩም ጥላና አበባ ቢኖረውም ሥሩ ወደ ላይ ስለሚሰራጭ ከሕንፃና ከንጣፍ ራቅ ተደርጎ መተከል ይገባዋል። ከሌላ ቦታ የሚመጣ አፈርና ፍግ ቅንጬ አረም በመባል የሚታወቀውን የፓርቲኒየም ዘር ይዞ እንዳይገባ መመርመርም የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቅ

የከተሞች ዕቅድ ዝግጅት 30 በመቶ የሚሆነውን መሬት ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ ቦታ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ እንዲያውል የተቀመጠው አቅጣጫ ለሙያው ሰፊ የሥራ መስክ ይከፍታል። በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ መከፈታቸው፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የኮሪደር ልማት በመዲናዋ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች መዛመቱ የባለሙያ ፍላጎቱን ከፍ አድርጎታል። በራያ ቆቦ አካባቢ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት የደረሰባቸው ተቋማት መልሰው ሲገነቡ ግቢያቸው ከመነሻው በንድፍ እንዲመራ ማድረግ በኋላ ከሚመጣ ወጪ ያድናል።

ለዚህም መሥሪያ ቤቶች ሦስት ተግባራትን ሊያከናውኑ ይችላሉ። አንደኛ፣ የግቢ ልማት ውል ሲዋዋሉ ክፍያውን በተተከለው ሳይሆን ከአንድ የበጋ ወቅት በኋላ በጸደቀው ተክል ቁጥር ላይ መመሥረት፤ ሁለተኛ፣ ለእንክብካቤና ለውኃ የሚውል በጀት ከተከላው በጀት ጋር አብሮ ማስያዝ፤ ሦስተኛ፣ ግቢያቸውን ለኮሌጅ ሠልጣኞች የትብብር ሥልጠና ክፍት ማድረግ ናቸው። ሠልጣኙ ሙያውን የሚለምደው በእውነተኛ ግቢ ላይ በመሆኑ፣ ከዚህ አሠራር ተቋሙም ሠልጣኙም ይጠቀማሉ።

የራያ አርሶ አደር ጎርፍን ወደ ማሳው መርቶ እህል ማብቀልን ከትውልድ ትውልድ ሲያስተላልፍ ኖሯል። የሙያ ሥልጠናው ይህንኑ ጥበብ በወረቀት ላይ በሚነበብ ንድፍና በተመዘነ ብቃት ደግፎ ወደ ከተማው ግቢ የሚያሸጋግር ከሆነ፣ በየክረምቱ የሚፈሰው ጉልበትና ገንዘብ በበጋም የሚታይ ውጤት ይኖረዋል።