መኪናው አልነሳም ሲል፦ ከበርታ ቤንዝ የኮፍያ መርፌ እስከ ሞተሪኖ

አሮጌ ቮልስ ወይም ላዳ ባለበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። በጠዋት ቁልፉ ይዞራል፣ መኪናው ግን ጭጭ። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ ካንዴላው ነው»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ቤንዚን አልቆበት ይሆናል»። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን መገመትና መመርመር የተለያዩ ናቸው። የገመተ ሰው ደህናውን ዕቃ አስቀይሮ ገንዘቡን ያወጣል፣ መኪናውም እዚያው እንደቆመ ይቀራል።

መርማሪው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከየት መጡ? እያንዳንዳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አላቸው። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

የመጀመሪያዋ መርማሪ

ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በቤንዚን ለምትሠራው ባለ ሦስት እግር መኪናው የፈጠራ መብት ያመለከተው በጥር 1886 (እ.ኤ.አ.) ነበር። መኪናዋ ግን ገዢ አላገኘችም። በነሐሴ 1888 ባለቤቱ በርታ ቤንዝ ለባሏ ሳትነግር ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ጉዞ ጀመረች። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያኔ ቁልፍ የለም፣ ሞተሪኖ የለም። ሞተሩ የሚነሳው ከኋላ ያለውን ትልቅ ጎማ መሰል ብረት በእጅ በማሽከርከር ነበር።

እንደሚተረከው፣ መንገድ ላይ የነዳጁ ቧንቧ ተደፈነ፤ በርታ በኮፍያዋ መርፌ ጠረገችው። የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ሽቦ ልባሱ አለቀ፤ በካልሲ ማሰሪያዋ ሸፈነችው። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎክ ከተማ ካለ መድኃኒት ቤት ገዛች፤ ያኔ ነዳጁ ይሸጥ የነበረው በማጽጃነት ነውና።

ልብ በሉ፦ በርታ የጠየቀችው ሁለት ጥያቄ ነው። ነዳጅ ይደርሳል ወይ? ብልጭታ አለ ወይ? የዛሬ መካኒክ ሦስተኛ ይጨምራል፦ ሞተሩ ይዞራል ወይ? ይህ ሦስተኛ ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው፤ የሰው ሕይወትም ያለበት ታሪክ ነው።

ክንድ የሚሰብረው እጀታ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አብዛኛው መኪና የሚነሳው ከፊት ለፊቱ በሚሰካ የብረት እጀታ ነበር። እጀታውን በጉልበት ታዞራለህ፣ ሞተሩ ይነሳል። ከዚያ በፊት ግን ብልጭታው ዘግየት ብሎ እንዲመጣ ማስተካከል አለብህ። ከረሳኸው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ነዳጁ ይቀጣጠልና ሞተሩ ወደኋላ ይመታል። እጀታውም የያዘውን ሰው አንጓ ወይም ክንድ ይሰብራል።

ባይረን ካርተር የተባለ አሜሪካዊ መኪና ሠሪም በ1908 በዚህ አደጋ ተጎድቶ እንደሞተ ሲነገር ኖሯል። የታሪክ ጸሐፊዎች በዝርዝሩ ባይስማሙም፣ የካዲላክ ኩባንያ መሪ የነበረው ሄንሪ ሌላንድ እጀታውን ለማስቀረት የቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው ይባላል። ሥራው ቻርልስ ኬተሪንግ ለተባለ መሐንዲስ ተሰጠ።

ለጥቂት ሰከንድ ብቻ

ብዙ ባለሙያዎች ነገሩ አይሆንም ይሉ ነበር። ሞተርን የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር በጣም ትልቅ፣ ባትሪውም በጣም ከባድ ይሆናል ብለው ነው። ኬተሪንግ ግን ቀደም ሲል ለሱቅ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ ነበር። የማሽኑ ሞተር ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ መሳቢያውን ለመክፈት ለአፍታ ብቻ በኃይል ይሠራና ያርፋል። መኪናም እንዲሁ ነው! ትንሽ ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ከአቅሙ በላይ ብትሠራ ሳትቃጠል ሥራዋን ትጨርሳለች። ሐሳቡ ሠራ፤ የ1912 ካዲላክ ሞተሪኖ ይዞ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በኋላ መኪና ለማስነሳት ጡንቻ ማስፈለጉ ቀስ በቀስ እየቀረ ሄደ።

እኛም «ሞተሪኖ» የምንለው ከጣልያንኛ ወስደን ነው፤ ትንሽ ሞተር ማለት ነው። «ካንዴላ»ም በጣልያንኛ ሻማ ነው።

መብራቱ በርቶ ሞተሩ እምቢ ሲል

የኬተሪንግ መፍትሔ ግን አዲስ ዓይነት ብልሽት ይዞ መጣ። ቁልፉን ስታዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል፣ የፊት መብራት ግን ይበራል። ያኔ ብዙ ሰው «እንግዲያው ባትሪው ደህና ነው» ይላል። ይህ የተለመደ ስህተት ነው። ለምን?

የኦም ሕግን አስታውሱ፦ ቮልቴጅ = ከረንት × ሬዚስታንስ። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮ 0.02 ኦም ሬዚስታንስ ፈጠረ እንበል። አንድ መብራት 5 አምፒር ያህል ይወስዳል፤ የሚጠፋው 0.1 ቮልት ብቻ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ሞተሪኖው ግን 150 አምፒር ቢጠይቅ 3 ቮልት እዚያው ጫፉ ላይ ይቀራል። ከ12 ቮልት ላይ 3 ሲጎድል ሞተሪኖው ይደክማል።

ስለዚህ መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር ጥሩ ፈተና ነው። መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ማያያዣው ቆሽሿል። መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ ደግሞ ከረንቱ ሞተሪኖው ጋር እየደረሰ አይደለም።

ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ባትሪውንና ሞተሪኖውን እንተዋቸው፤ ወደ በርታ ሁለት ጥያቄዎች ተመልሰናል። ብዙ ከተሞከረ በኋላ ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ደረቅ ከሆነ ነዳጅ እየደረሰ እንዳልሆነ ያስጠረጥራል። በቤንዚን ከራሰ ግን ነዳጁ ደርሷል፤ ተጠርጣሪው ብልጭታው ነው፣ ወይም ነዳጁ ከልክ በላይ በዝቷል። (ይህን የሚያደርገው የሚያውቅ ሰው ነው፤ ቤንዚንና ብልጭታ አንድ ላይ ቀልድ አይደለም።)

ብልጭታውም የኬተሪንግ እጅ አለበት። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በአብዛኛው የቤንዚን መኪና ላይ የነበረው ዘዴ የእሱ ነው፦ ሁለት ትንንሽ የብረት ጫፎች ይገጥማሉ፣ ይለያያሉ፤ በተለያዩ ቁጥር ቦቢናው 12 ቮልቱን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድገዋል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ጫፎቹ በሰከንድ 100 ጊዜ ይለያያሉ። ቢቃጠሉና ቢያልቁ ምን ይገርማል? የቮልስ መካኒክ በመካከላቸው ያለውን 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ደጋግሞ የሚለካው ለዚህ ነው።

ሲገፋ ለምን ይነሳል?

«በሉ ግፉ!» ሲባልስ? ማርሽ ገብቶ መኪናው ሲገፋ፣ ጎማው የሞተሪኖውን ሥራ ይሠራል። በዚህ ከተነሳ ብልጭታውም ነዳጁም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ባትሪው፣ ማያያዣው ወይም ሞተሪኖው ጋ ነው። ተገፍቶም ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ የተገላቢጦሽ አስቡ፤ ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ግን ብልጭታም አይኖርም። ሰፈሩ በጉልበቱ የሠራው ነገር፣ ሳያውቀው፣ የላቦራቶሪ ሙከራ ነበር ማለት ነው። አንዱን ክፍል በሌላ ተክተህ የቀረውን ትፈትናለህ።

አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ብልሽታቸውን በኮድ የሚናገሩበት አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖራቸው ተደርጓል። አሮጌው መኪና ግን ኮድ የለውም። ሦስቱን ጥያቄዎች በተራ ለሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው የሚመልሰው፦ ይዞራል? ብልጭታ አለ? ነዳጅ ይደርሳል? በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲከራከር፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ መብራቱን እናብራ» በሉ።