ከአሰላ ወደ ኦጎልቾ በእግር

ከአሰላ ወደ ኦጎልቾ ስንወርድ የመረጥነው የመኪናውን ሳይሆን የፈረሱንና የአህያውን መንገድ ነው። 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጭላሎ ግርጌ ተነስቶ፣ የገብሱንና የስንዴውን ማሳ እያቋረጠ፣ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ቆላ ያዘቀዝቃል። ግራሩ ብቅ ሲል ጋቢያችንን ከትከሻችን አወረድን።

ታዲያ ይህ ጠባብ መንገድ ታሪክ አለው ወይ? አለው እንጂ! በ1960ዎቹ መግቢያ በስዊድን እርዳታ ሥራ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ መጣ። ምርቱ አደገ። እርሻ አትራፊ መሆኑን ያየው ባለመሬት ግን ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አስነሳ። ለድሃው የታሰበው ልማት ድሃውን ነቀለው። የተነሳው ጭሰኛ ልጆቹንና ዕቃውን ይዞ በየት ወጣ? መኪና አልነበረው፤ እንዲህ ባለው የእግር መንገድ እንጂ በሌላ በየት ይወጣል?

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። የተነቀለው ሁሉ ወደ ቀዬው ተመለሰ ማለት ግን አይደለም።

እንግሊዞች የእግርና የፈረስ መንገዳቸው በካርታ እንዲመዘገብ እ.ኤ.አ. በ1949 ሕግ አወጡ። እኛ ዘንድ መንገዱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። የታሪክ ተማሪ ነን ካልን፣ ሳያልፉ ወርደን እንጠይቃቸው።