ኬሎ በደጃፍ

የካቲት ላይ፣ ሚቶ በምትባል የጃፓን ከተማ ካይራኩኤን መናፈሻ ውስጥ ቆሜ ነበር። ለግብርና ሥልጠና ከጊንጪ ሄጄ ነው። የእኛ ኮክና ፕሪም ዘመድ የሆኑ 3,000 ያህል የኡሜ ዛፎች ቅጠል ሳያወጡ ነጭና ሮዝ አበባ ለብሰዋል። መናፈሻውን እ.ኤ.አ. በ1842 የከፈተው የሚቶ ገዢ ቶኩጋዋ ናሪያኪ ሲሆን፣ ኡሜን የወደደው ለአበባው ብቻ አልነበረም፤ በጨው የተዘፈዘፈው ፍሬ ለክፉ ቀንና ለወታደር ስንቅ ይሆናል ብሎ ነው። የአበባው በዓል የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1896፣ እኛ ዓድዋ በነበርንበት ዓመት ነው።

አብሮኝ የነበረው መምህር፣ «እናንተስ አበባ ለማየት የት ትሄዳላችሁ?» አለኝ። የትም አንሄድም አልኩት። አበባው ራሱ ነው ደጃችን የሚመጣው።

የሚያመጡት ልጃገረዶች ናቸው። ጳጉሜን ስታልቅ፣ ለዘመን መለወጫ በዓል፣ ታላቅ እህቴ ከእኩዮቿ ጋር ገና ሳይነጋ ወደ ረግረጉ ትወርድ ነበር። እንግጫ ሣር ይመስላል፣ ሥሩ ግን እልኸኛ ነው፤ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ኋላ ካልተንጋለሉ አይነቀልም። ስትመለስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ጭቃ ገብቷል። እንግጫውን ከኬሎ ጋር ታስረዋለች። ኬሎ አማርኛው አደይ አበባ የሚለው ነው። ከዚያ በየቤቱ እየዘፈኑ ይዞራሉ፤ እኛ ሰፈር በኦሮምኛ፣ ጊንጪ ከተማ ውስጥ ደግሞ አበባየሆሽ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፣ እናቴ ዳቦ ትቆርሳለች፣ እስሩ ምሰሶው ላይ ይሰካል። መስከረም 16 ማታ፣ በመስቀል ዋዜማ፣ የጉባ ችቦ እስኪበራ ድረስ እዚያው ይደርቃል።

ከዓባይ ማዶ ጎጃምም እንግጫ ነቀላ አለ። ወንዝ የሚለያቸው ሁለት አገሮች፣ ሁለት ቋንቋዎች፣ አንድ ቃልና አንድ የልጃገረዶች ማለዳ! በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃሙ ባሶና በጉድሩው አሰንዳቦ ገበያዎች መካከል ነጋዴው አሞሌና ቡና ይዞ ዓባይን እየተሻገረ ሲመላለስ ኖሯል። እንዲህ ያለው ወግም በዚያው መንገድ ሲመላለስ የኖረ ይመስለኛል፤ በዓሉን የእነ እገሌ ብቻ ነው ሲሉ ስሰማ የሚከፋኝም ለዚህ ነው።

ኬሎን ማንም አይተክለውም። ክረምቱ ሲወጣ በድንበሩ፣ ባደረ መሬት ላይ፣ በጤፉ መሃል በራሱ ይፈነዳል። ንቡ መጀመሪያ እሱን ይቀስማል፣ ቀጥሎ ዘመዱን ኑግን። የጥቅምትና የኅዳር ማራችን ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ለገበሬ ግን ኬሎ አረም ነው፤ ያንን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳለሁ ቱፎርዲ የተባለውን አረም ማጥፊያ በጀርባዬ ተሸክሜ በየማሳው አሳይቻለሁ። መድኃኒቱ ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል፣ ጤፉን አይነካም። በኛ ጥቁር አፈር ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስለሆነ የሚረጭበት ጊዜ ልክ ኬሎ እንቡጥ ሊይዝ ሲል ነው። ምርቱ ጨምሯል፤ ይህን አልክድም፣ ልጆቼም የተማሩት በዚያ ጤፍ ነው። ሆኖም ከዓመት ዓመት ልጃገረዶቹ ይዘውት የሚመጡት እስር እየቀጠነ ሄደ፤ አንድ መስከረም ላይ ኬሎውን ከአምቦ አስፋልት ዳር ቦይ ውስጥ ሲለቅሙ አየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ በማሳዬ ጠርዝ ስድስት እርምጃ የሚሆን መሬት አልረጭም። ባለፈው ዘመን መለወጫ የእህቴ የልጅ ልጅ ከዚያው ለቅማ እንግጫውን ጨምራ አመጣችላት። እህቴ ኬሎውን አየችና ፈገግ አለች። እንግጫውን ግን ገልብጣ ሥሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነበር፣ አቧራው በነነ።

«ጭቃው የታለ?» አለች።