የባለ ወፍጮው የጆርጅ ግሪን ዜና

ጆርጅ ሣልሳዊ በእንግሊዝ በነገሠ በ33ኛው ዓመት፣ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1793 ዓ.ም.፣ በኖቲንግሃም ከተማ ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ስሙንም በአባቱ ስም ጆርጅ ግሪን አሉት።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ትዋጋ ነበርና እህል ተወደደ፤ በ1800 ዓ.ም. የኖቲንግሃም ሕዝብ በዳቦ ውድነት ተቆጥቶ ሁከት አስነሣ። ልጁም በስምንት ዓመቱ ሮበርት ጉዳከር ከሚባል መምህር ዘንድ ገባ። ነገር ግን የተማረው ከአንድ ዓመት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ በ1802 ዓ.ም. አባቱ ለዳቦ ቤቱ ሥራ መለሰው። በ1807 ዓ.ም. አባትየው በስነንተን መንደር፣ በኮረብታ ላይ፣ በጡብ የተገነባ የነፋስ ወፍጮ አሠራ። ጆርጅም ወፍጮውን ሲያስፈጭ ኖረ። የወፍጮው ሥራ አስኪያጅ ልጅ ከሆነችው ከጄን ስሚዝም ሰባት ልጆች ወለደ፤ ዳሩ ግን ሥርዓተ ጋብቻ አልፈጸሙም።

የእንግሊዝ ሊቃውንት ያን ጊዜ በኒውተን የአጻጻፍ ወግ ጸንተው ነበርና በሒሳብ ከፈረንሳዮች ወደ ኋላ ቀሩ። ግሪን ግን የፈረንሳዮቹን የሒሳብ ሊቃውንት፣ የእነላፕላስን ሥራ ተከተለ። በ1823 ዓ.ም. በከተማው የአባላት ቤተ መጻሕፍት ተመዘገበ፤ ቀን በወፍጮው እየደከመ በትርፍ ሰዓቱ ያጠና ነበር።

ጆርጅ ራብዓዊ በነገሠ በ9ኛው ዓመት፣ በ1828 ዓ.ም.፣ የሒሳብ ትንታኔ ለኤሌክትሪክና ለማግኔት ጥናት እንዴት እንደሚውል የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ገዢዎቹ አስቀድመው የተመዘገቡ 51 ሰዎች ነበሩ፤ የአንዱም ዋጋ ሰባት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ ነበር። አብዛኞቹ የአገሩ ባላባቶችና ነጋዴዎች ነበሩና የተጻፈውን የሚያስተውል አልነበረም ማለት ይቻላል።

በመጽሐፉም ያለው ነገር ይህ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል በየቦታው መጠንም አቅጣጫም አለው፤ ግሪን ግን ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ፈንክሽን ያዘና «ፖቴንሻል» ብሎ ሰየመው፤ ኃይሉም ከእርሱ ተሰልቶ ይገኛል። ደግሞም በአንድ አካል ውስጥ የሚሆነውን በገጹ ላይ ከሚሆነው ጋር የሚያገናኝ ቴዎረም አረጋገጠ። በመጨረሻም፣ በአንድ ነጥብ ላይ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሙል የሚያደርገው ከታወቀ፣ የብዙውን ሥራ አንድ በአንድ ደምሮ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ይህም ዛሬ «የግሪን ፈንክሽን» ይባላል።

ከገዢዎቹ መካከል ግን በሊንከንሻየር የሚኖር ሰር ኤድዋርድ ብሮምሄድ የሚባል፣ በካምብሪጅ ሒሳብ የተማረ ባላባት ነበር። እርሱም የመጽሐፉን ዋጋ ዐውቆ «ከዚህ በኋላ የምትጽፈውን ወደ ሊቃውንት ማኅበር ልላክልህ» ሲል ለግሪን ጻፈለት። ግሪን ግን ሰዎች ነገሩ ለጨዋነት ያህል የተነገረ ነው ስላሉት ሁለት ዓመት ገደማ ዝም አለ። አባቱ በ1829 ዓ.ም. ሞቶ ሀብቱ ለእርሱ ከሆነ በኋላ፣ በ1830 ዓ.ም. መለሰለት። ብሮምሄድም ሦስት ጽሑፎቹን ለካምብሪጅና ለኤዲንብራ ማኅበራት አደረሰለት።

በ1833 ዓ.ም. ግሪን በ40 ዓመቱ ወደ ካምብሪጅ፣ ወደ ኪስ ኮሌጅ ገባ። ላቲንና ግሪክ ብዙ አያውቅም ነበርና ተቸገረ፤ ሆኖም በ1837 ዓ.ም. በሒሳብ ፈተና አራተኛ ወጣ። ከዚያም ስለ ድምፅ፣ ስለ ብርሃንና በቦይ ውስጥ ስለሚሄድ የውሃ ሞገድ ጻፈ። በ1839 ዓ.ም. የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ፤ ሹመቱ ለላጤ ብቻ የሚሰጥ ነበርና ጄንን አለማግባቱ በሩን ከፈተለት። ነገር ግን ሹመቱን ብዙ ሳይቆይበት ታመመና ወደ ስነንተን ተመለሰ። ቪክቶሪያ በነገሠች በ4ኛው ዓመት፣ በ1841 ዓ.ም. ሜይ 31 ቀን፣ በ47 ዓመቱ ሞተ፤ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ተቀበረ። መልኩን የሚያሳይ ሥዕል አልተገኘም።

ከሞተም ከአራት ዓመት በኋላ ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ የካምብሪጅን ትምህርት ፈጽሞ ወደ ፓሪስ ሊሄድ ተነሣ። ስለ ግሪን መጽሐፍ አንብቦ ነበርና ይፈልገው ነበር፤ መምህሩ ሆፕኪንስም ከመደርደሪያው አውጥቶ ሰጠው። በፓሪስ ለሒሳብ ሊቃውንቱ ለሊዩቪልና ለስቱርም ባሳያቸው ጊዜ ተደነቁ፤ ስቱርምም ራሱ የደረሰበትን ነገር ሌላው ቀድሞት አገኘ። ቶምሰንም መጽሐፉን በበርሊን በሚታተመው በክሬሌ የሒሳብ መጽሔት ከ1850 እስከ 1854 ዓ.ም. በሦስት ክፍል አሳተመ። በ20ኛውም ክፍለ ዘመን የፊዚክስ ሊቁ ሽዊንገርና መሰሎቹ የብርሃንና የኤሌክትሮንን ነገር ሲመረምሩ የግሪንን ፈንክሽን መሣሪያ አደረጉት። በተወለደ በ200 ዓመቱ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ በዌስትሚንስተር ገዳም ከኒውተን መቃብር አጠገብ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ተደረገለት።

ክብሩ ይህን ያህል ነው፤ ነገር ግን መነሻው ሹመትም ማኅበርም አልነበረም። መጽሐፉን ከገዙት መካከል ብሮምሄድ አስተውሎ አነበበ፤ ስለዚህ ደራሲው ካምብሪጅ ገባ። ደራሲው ከሞተ በኋላ ቶምሰን ፈልጎ አነበበ፤ ስለዚህ መጽሐፉ ወደ ዓለም ወጣ። የሁለቱም ስም ከግሪን ስም ጋር ይጻፍ ዘንድ ተገባ። የጆርጅ ግሪን ዜና ተፈጸመ።