ሳፋሪ ራሊ ያልተረከላት ሸክላ

የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በተነሣ ቁጥር ወሬው ጭቃና አቧራ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል መታሰቢያ የተጀመረው ይህ ውድድር ናይሮቢን የመኪና ፋብሪካዎች መፈተኛ አደረጋት። በ1971 ኤድጋር ኸርማን፣ በ1973 ደግሞ ሼካር ሜታ በዳትሰን 240ዜድ አሸንፈው የጃፓኑን መኪና ስም አስጠሩ። ስለ ሾፌሮቹ ጀብዱና ስለ ሻሲው ጥንካሬ ብዙ ተብሏል። ይኸው ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ከኮይሉ አጠገብ ታስራ ስለምትመጣው ትንሽ ሸክላ ግን የሚያወራ የለም። ባላስት ሬዚስተር ትባላለች። ስሟ የሚነሣው ስትቃጠል ብቻ ነው፤ ያኔም የብዙ ጋራዥ ፍርድ አንድ ነው፦ «ዳይሬክት አድርገው!» በአንድ ቁራጭ ሽቦ ትዘለላለች፣ መኪናው ይነሣል፣ ነገሩም አለቀ ይባላል። አላለቀም።

በአሮጌ መኪና ኮንታክቱ ሲገጥም ባትሪው ኮይሉን ይሞላል፤ ሲከፈት ኮይሉ ያጠራቀመውን በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ወደ ካንዴላው ይለቃል። ችግሩ ሞተሪኖው ሲዞር ይመጣል። ሞተሪኖው ብዙ ስለሚስብ የባትሪው 12 ቮልት ወደ 9 ገደማ፣ ባትሪው ከደከመም ከዚያ በታች ይወርዳል። ብልጭታ እጅግ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ኮይሉ ይራባል ማለት ነው። መሐንዲሶቹ መላ ያሉት በአነስተኛ ቮልት የሚሠራ ኮይል መሥራት ነበር። ቁልፉ ማስነሻ ላይ እያለ ኮረንቲው ሸክላዋን ዘልሎ በቀጥታ ይገባል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ በእሷ በኩል ያልፋል። 1.5 ኦም ኮይል ብቻውን 14 ቮልት ላይ ቢገጠም፣ ኮንታክቱ ገጥሞ በቆመበት ከ9 አምፔር በላይ ይስባል። ሌላ 1.5 ኦም በባላስት ሲጨመርለት ከ5 በታች ይወርዳል። ዳይሬክት የተደረገ መኪና በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ብርቱ ብልጭታ ስለሚሰጥ ዘዴው የተፈተነ ይመስላል። ዋጋው የሚከፈለው ቆይቶ ነው፤ የኮንታክቱ ጫፍ ይቃጠላል፣ ኮይሉም ግሎ ይሞታል።

ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ መውረዱ የብርድ አገር ጣጣ ነው፣ ለናይሮቢ ምን ያደርግላታል የሚል ይኖራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፣ የሐምሌ ማለዳዋም አይናቅም። ግን መልሱ ብርዱ አይደለም፤ ያረጀ ባትሪና የዛገ ኬብል በሞምባሳ ሙቀትም ቮልቱን ያወርዱታል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ቮልስዋገን ቢትል ያለ ባላስት ስንት ዘመን ተነድቷል? እውነት ነው፤ ኮይሉ በራሱ በቂ ኦም አለው። ነገር ግን ቢትል ባለ አራት ሲሊንደር ነው። የ240ዜድ ሞተር ስድስት ሲሊንደር ነው፤ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 300 ብልጭታ ይፈልጋል፣ ለእያንዳንዱም ከ3.4 ሚሊሴኮንድ ያነሰ ጊዜ አለ። ብዙ ዙር የተጠቀለለ ኮይል በዚያ ፍጥነት ለመሞላት ይዘገያል፤ ጥቂት የተጠቀለለው፣ ከባላስት ጋር፣ ቶሎ ይሞላል። ሸክላዋን የማስነሻ አጋዥ ብቻ አድርጎ ማየት ግማሹን ታሪክ መተው ነው።

ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ኮንታክቱን ካስወገደ በኋላ ባላስትም ቀስ በቀስ ጡረታ ወጥቷል። ኬንያም ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ በቀድሞው ግሮጋን፣ በዛሬው ኪሪንያጋ መንገድ ባሉ የመለዋወጫ ሱቆች ጉዳዩ የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች ጉዳይ ሆኗል። ቢሆንም ከ2003 ጀምሮ የሳፋሪ ክላሲክ ራሊ እነዚያን መኪኖች እንደገና መንገድ ላይ አውጥቷቸዋል፤ ምልክቶቹን ማወቅ አይከፋም። ቁልፉ ተይዞ ሳለ ተነሥቶ፣ ሲለቀቅ ወዲያው የሚጠፋ ሞተር ሲያጋጥም መጀመሪያ ልትጠረጠር የሚገባት ሸክላዋ ናት። በ240ዜድ ላይ የኮይሉ ኮረንቲ በዙር ቆጣሪው በኩል ስለሚያልፍ፣ ከባትሪ በአዲስ ሽቦ የተገናኘ ኮይል ቆጣሪውን ያደነዝዘዋል። በአንዳንድ የፎርድ መኪኖች ደግሞ ባላስቱ ራሱ ሽቦ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ተጠቅልሎ ስለሚሄድ እንደ ተራ ገመድ ይቀየራል። በተቃራኒው 3 ኦም ኮይል ከገዙ ሸክላዋን ማውጣት ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ እሷን ሳያወጡ መግጠም ነው፣ ብልጭታው ይደክማልና።