ከኅዳር እስከ ጥምቀት፦ የገና ትርጉምና የነጌሌ ቦረና ሁለት ጥሮች



በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ የምንሰማው አንድ ቅሬታ አለ። ገና ገበያ ሆነ ይባላል። በየአዳራሹ የሚከፈተው ባዛር፣ የፕላስቲክ ጥድ፣ የሎተሪ ዕጣ፣ የሥጋ ወረፋ የበዓሉን መንፈስ ሸፈኑት ይባላል። ቅሬታው እውነት አለው፤ ነገር ግን የጉዳዩን ቀላሉን ገጽ ብቻ የሚያይ ይመስለኛል። አንድ በዓል በጌጥና በሸቀጥ ብቻ ትርጉሙን አያጣም። ትርጉሙን የሚያጣው ከበዓሉ በፊት ያለው የመጠበቅ ዘመን ባዶ ሲሆን፣ ማለትም የእኛ ጾም ከሌላው ሰው ጥምና ረሀብ ሲለይ ነው። ዛሬ ይህን ሐሳብ በስብከት ሳይሆን በታሪክ ላሳያችሁ እሞክራለሁ። ስፍራውም ነጌሌ ቦረና ነው። የዚህች ከተማ ስም በአገራችን ዘመናዊ ታሪክ ሁለት ጊዜ ጎልቶ ተነሥቷል፤ በ1928 እና በ1966 ዓ.ም.። ሁለቱም በልደትና በጥምቀት መካከል ባሉት ቀናት የሆኑ ናቸው። ይህን የጊዜ መግጠም እንደ ምሥጢራዊ ምልክት አልቈጥረውም። ይሁንና ክስተቶቹን በራሳቸው በባለታሪኮቹ የቀን መቍጠሪያ ስናነባቸው፣ በፈረንጅ ቀን ብቻ ስናነባቸው የማይታየን ነገር ይታየናል።

አስቀድሜ ስለ ጾሙ ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ አድርጋ የምትቈጥረው ይህ ጾም ኅዳር 15 ይጀምርና በልደት ዋዜማ ይፈጸማል። ጾመ ነቢያት፣ ጾመ አዳም፣ ጾመ ስብከት፣ ጾመ ልደት፣ ጾመ ፊልጶስ እየተባለ ይጠራል። ቀኑ ሲቈጠር 44 ይሆናል፤ በተለመደው ትርጓሜ 40ው የነቢያት፣ ሦስቱ በግብፅ የአብርሃም ሶርያዊ ዘመን የተራራ መፍለስ ተአምር መታሰቢያ፣ አንዱ ደግሞ ገሃድ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚውሉት ሦስት ሰንበቶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። መጀመሪያ ነቢያት የተናገሩት ተስፋ ይታሰባል፤ ቀጥሎ በጨለማ ላለው ብርሃን ይለመናል፤ በመጨረሻም የጠፋውን የሚፈልግ እረኛ ይጠራል። የምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናትም ከልደት በፊት አራት ሰንበቶችን ለዚሁ መጠበቅ ይለያሉ። በእኛ ዘንድ ግን መጠበቁ በዜማና በንባብ ብቻ አይደለም፤ በሆድም በጉሮሮም ነው። ጿሚው ነቢያት በሩቅ ያዩትን ሳያገኙ እንዳለፉ በሥጋው ያስታውሳል። አማርኛችንም ሳያስበው አንድ ነገር ይጠቁመናል። ‘ገና’ የሚለው የበዓሉ ስም ከግሪክኛ የመጣና ልደት ማለት ነው፤ በዕለት ንግግራችን ግን ‘ገና’ ስንል ያልደረሰ፣ የሚጠበቅ ማለታችን ነው። ሁለቱ ቃላት በዘር አይገናኙም፤ በጾሙ ውስጥ ግን ይገናኛሉ።

አሁን ወደ ደቡብ ቆላ እንውረድ። ነጌሌ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ የቀንድ ከብትና የግመል አገር ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች የጾሙ ዘመን የሚውለው የአጭሩ ዝናብ ወቅት ካለፈ በኋላ፣ በበጋው ወራት ነው። ቦረናዎች የሚጠብቁት ረጅሙ የዝናብ ወቅት ከመጋቢት በፊት አይመጣም። ስሙም በኦሮምኛ ‘ገና’ ከሚለው የእኛ ቃል ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ‘ጋና’ ይባላል። ይህም የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው። ነገር ግን በታኅሣሥ ነጌሌ ገበያ ላይ የቆመ ሰው በሁለት ቋንቋ ሁለት ዓይነት መጠበቅ ይሰማል፤ አንዱ የልደትን ቀን ይቈጥራል፣ ሌላው የዝናቡን። እዚህ ላይ አንድ ታሪካዊ ሐቅ መታለፍ የለበትም። የጾሙ ቀን መቍጠሪያ ወደነዚህ ከተሞች በስፋት የገባው በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ከንጉሠ ነገሥቱ ጦርና ከጦር ሰፈሮቹ ጋር ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ጾመኛና የአካባቢው አርብቶ አደር በአንድ ሰማይ ሥር፣ ነገር ግን በእኩል ሥልጣን አልኖሩም። የአንዱ ጾም የሌላውን ጥም ያያልን? የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የቆየ ነው።

የመጀመሪያው ጥር የ1928 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ልደት የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። የሲዳሞና የቦረና ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ጦራቸውን ይዘው በዶሎ አቅጣጫ ከጄኔራል ግራዚያኒ ጋር ተፋጠጡ። እንግዲህ የሁለቱን ወገኖች የልደት ዋዜማ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በሮም ታኅሣሥ 8፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1935፣ የምዕራቡ የልደት መጠበቂያ ዘመን መካከል፣ ፋሺስቱ መንግሥት ‘የእምነት ቀን’ ብሎ በሰየመው ሥነ ሥርዓት ከንግሥት ኤሌና ጀምሮ ብዙ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጡ፤ በምትኩም የብረት ቀለበት ተቀበሉ። ከጳጳሳትም የወርቅ መስቀላቸውን የሰጡ ነበሩ። ከሰባት ቀን በኋላ ገናቸውን አከበሩ። ከዚያም በአምስተኛው ቀን፣ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 20፣ ብርሃን የሚባለው ሰንበት በዋለ ማግስት፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ። በድንኳኑ የተኙ ቍስለኞች አለቁ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊ ረዳት ሞተ፤ የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደርም ቈሰሉ። በዚህ ግንባር የመርዝ ጋዝም ጥቅም ላይ ውሏል።

ልደት በሆነ በአምስተኛው ቀን፣ ጥር 3፣ የግራዚያኒ ሞተረኛ ጦር ማጥቃት ጀመረ። የገናሌ ዶሪያ ጦርነት የሚባለው ይህ ነው። የራስ ደስታ ጦር ከወንዙ ተገፍቶ ሲያፈገፍግ ጥምና ረሀብ ከጥይት ባላነሰ ጎዳው። ጥር 11፣ በመላ አገሪቱ ታቦታት ወደ ውኃ በሚወርዱበት የጥምቀት ቀን፣ ነጌሌ በጠላት እጅ ወደቀች። ራስ ደስታ ትግሉን ቀጥለው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ቀለበቱን የሰጠችው ኢጣልያዊት እናት የገናን መንፈስ በገበያ አላጣችውም። መሥዋዕት አድርጋለች፤ ጸልያለችም። ነገር ግን መሥዋዕቷ የተቀረጸው የሌላውን ሰው ሞት ከዓይኗ በሚሰውር መንገድ ነው። ስለዚህ በዓል ውጫዊ ድምቀቱ ቢቀነስና ጸሎቱ ቢበዛ ብቻ ትርጉሙ ይመለሳል ማለት አንችልም። ጸሎትም ራሱ ሊሰለብ ይችላል።

ይሁንና ጥፋቱን በባዕድ ላይ ብቻ ጥለን ብንሄድ ታሪክን አልተማርንም ማለት ነው። ሁለተኛው ጥር የራሳችን ነው። በ1966 ዓ.ም. ልደት የዋለው ታኅሣሥ 29 ነበር። በዚያ ጾም የወሎ ረሀብ ለዓለም ተጋልጦ፣ አገሪቱ ባልተነገራት እልቂት አፍራ ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ጥር 4፣ በነጌሌ ቦረና የሰፈረው የምድር ጦር ክፍል ወታደሮች አመፁ። ጥያቄያቸው የሥልጣን አልነበረም፤ የምግብና የውኃ ነበር። የእነርሱ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። አዛዦቻቸውን ያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግተው ራሳቸው የሚበሉትን ምግብና የሚጠጡትን ውኃ አቀረቡላቸው። ጄኔራሉ ከዚያ ታመሙ። መንግሥት ጉዳዩን ለማየት ቃል ገብቶ አመፁን አበረደ፤ ወሬው ግን ከሰፈር ወደ ሰፈር ተዛመተ። በዚያው ዓመት ክረምት አልፎ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወደቀ።

የታሪክ ምሁራን ይህን አመፅ የአብዮቱ የመጀመሪያ ፍንጣሪ አድርገው ይጠቅሱታል፤ ትክክልም ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአንድ ግቢ ሁለት ጉድጓድ ነበረ። የአንዱ ጉድጓድ ባለቤቶች በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስለታጣለት ሕፃን የሚናገረውን ወንጌል በሰሙ በአምስተኛው ቀን፣ በጉድጓዳቸው ለወታደሩ ስፍራ እንዳልነበረ ታወቀ። ማንም ገናን አልሻረም። ታቦቱም ከሳምንት በኋላ ወደ ውኃ ወርዷል። ሆኖም በሥርዓቱና በጉድጓዱ መካከል ማንም ግንኙነት አላየም። የመንፈሳዊ ትርጉም መጥፋት ማለት በእኔ ግምት ይህ ነው።

ወታደሮቹ የሰፈሩበት ምድር ግን ስለ ውኃ የራሱ የሆነ ጥልቅ ሥርዓት አለው። በዱብሉቅና በሌሎች የቦረና ስፍራዎች ‘ቱላ’ የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ ወጣቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ ውኃውን በእጅ እየተቀባበሉ ያወጡታል። ጉድጓዱን በመጀመሪያ የቈፈረው ሰው ዘር የባለቤትነት ክብር አለው፤ የዕለቱን የመጠጣት ተራ የሚያስከብር ኃላፊም ይሾማል። ይህ ሥርዓት ፍጹም ነው፣ ጠብም አያውቅም አልልም፤ ጎሣ ከጎሣ በውኃ ተጣልቷል። ነገር ግን ጉድጓድ የአንድ ሰው ቍልፍ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ተራና ምክክር እንደሚያስፈልገው ያምናል። ኖላዊ በሚባለው ሰንበት ስለ በጎ እረኛ የሚሰብክ ካህን በነጌሌ ወይም በያቤሎ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እረኛ ማለት መንጋውን ወደ ውኃ የሚያደርስ፣ ደካማዋን ጥጃ ተራዋን የማያስቀማ ነው። ይህን የሚያውቀው ሰው ክርስቲያንም፣ ሙስሊምም፣ የዋቄፈና አማኝም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ እገምታለሁ። የመጀመሪያው፣ ‘ይህ አነጋገር ምሥጢረ ሥጋዌን ወደ ማኅበራዊ ግዴታ ያወርደዋል’ የሚል ነው። እኔ የታሪክ ሰው እንጂ የነገረ መለኮት መምህር አይደለሁም። ነገር ግን በዓሉ የሚናገረው ቃል ሥጋ ሆነ ብሎ ነው፤ ሥጋም ይጠማል። ይህ ጾም በስማቸው ከሚጠራ ነቢያት አንዱ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እውነተኛውን ጾም ለተራበ እንጀራን ከማካፈል ጋር አያይዞታል። እንግዲህ ሁለቱን ያገናኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ትውፊቱ ራሱ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ብዙ እምነት ባለበት ምድር የአንዱን እምነት የቀን መቍጠሪያ የታሪክ መመዘኛ ማድረግ አግባብ አይደለም የሚል ነው። ልክ ነው፤ ሌሎችን ልንመዝንበት አይገባም። ያንን የቀን መቍጠሪያ የእኔ ነው የሚለውን ሰው ግን በራሱ ሚዛን መጠየቅ ፍትሐዊ ነው። በደቡብ የተስፋፉት ወንጌላውያን ምእመናንም ልደትን የሚያከብሩት በዚያው ቀን ስለሆነ፣ ጥያቄው ለእነርሱም ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ አዳራሽ ባልደከምኩ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በቦረና አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። በ2015 ዓ.ም. ጾመ ነቢያት በደረሰ ጊዜ ከብቶች በየሜዳው አልቀው፣ ሀብታም ይባል የነበረ አርብቶ አደር የእህል ዕርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። በዚያ ታኅሣሥ ወተት የተወ ሰው በአገራችን ሁለት ዓይነት ነበር፤ በጾም የተወና ወተት አጥቶ የተወ። የመጀመሪያው ቀኑን ቈጥሮ ይፈታል፤ ሁለተኛው መፍቻ ቀን የለውም። ጾም ረሀብ አይደለም፤ በፈቃድ ነውና። ሆኖም ጾም በፈቃድ የተደረገው ያለ ፈቃዱ የሚራበውን ሰው እንድናውቀው ካልሆነ፣ የምግብ ዝርዝር መለወጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ የገናን መንፈሳዊ ትርጉም መመለስ ማለት ባዛሩን መዝጋት ነው ብዬ አላምንም። ገበያም የሰው ደስታ ነው፤ የነጌሌም ነጋዴ በበዓል ይኖራል። መመለስ ማለት ሦስቱን ሰንበቶች እንደገና ጥያቄ ማድረግ ነው። በስብከት፦ የምጠብቀው ምንድን ነው? በብርሃን፦ የእኔ ደማቅ በዓል የሸፈነው ጨለማ የት አለ? በኖላዊ፦ ከጉድጓዴ የከለከልሁት ማን ነው? በ1928 ሮም ውስጥ ሁለተኛውን የጠየቁ ጥቂቶች ነበሩ። በ1966 ነጌሌ ውስጥ ሦስተኛውን መኮንኖቹ ሳይጠይቁት ቀሩና ወታደሮቹ በጠመንጃ ጠየቁት። ጥያቄው በጾም ካልተጠየቀ በሌላ መንገድ መጠየቁ አይቀርም።

ውድ ተማሪዎች፣ የታሪክን ሰነድ ስታነቡ ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር ጻፉት። አንድ ሰው ሲገድል ወይም ሲከለክል፣ በዚያ ቀን ምን ይጾም፣ ምን ያከብር እንደነበር ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ያሳፍራል፤ አልፎ አልፎም ያጽናናል። በሁለቱም ይጠቅማል።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።