የማንም ያልሆነ ልክ

በበረሃ ላይ ውሃ አጥቶ የተጠማ ሰው ዕድሉን ያማርራል፤ ከወንዝ ዳር ተቀምጦ የተጠማ ሰው ግን ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ነገሩ ሁሉ ሞልቶ ሳለ ለእርሱ ብቻ ያልተገኘለት ሰው፥ ጥፋቱ የነገሩ ሳይሆን የራሱ ይመስለዋልና። እኔ ይህን የተረዳሁት በልብስ ሱቅ ውስጥ ነው።

የእህቴ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ በለንደን ከተማ ሥራ ባገኘች ጊዜ፥ ለመጀመሪያው የሥራ ቀን የምትለብሰውን ኮትና ሱሪ ለመግዛት አብሬያት ወጣሁ። ሱቆች ጐን ለጐን በተሰለፉበት ትልቅ ጐዳና ከጧቱ አራት ሰዓት ጀምረን እስኪመሽ ድረስ ዞርን። የገባንባቸው ሱቆች ሰባት ነበሩ። አንዱ ኮት ትከሻዋን ሲገጥም እጅጌው እስከ ጣቷ ይወርዳል፤ አንዱ ሱሪ ዳሌዋን ሲይዝ ወገቡ ይሰፋል። ባንዱ ሱቅ 10 ቍጥር የሆናት ልጅ በሚቀጥለው ሱቅ 14 ቍጥር ሆነች። ደስ የሚላት ሲገኝ አይሆናትም፤ የሚሆናት ሲገኝ ደግሞ ደስ አይላትም።

በሰባተኛው ሱቅ ከመለኪያው ክፍል ስትወጣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፥ «ተወው ጋሼ፤ የልብሱ ጥፋት አይደለም፤ የተበላሸው የኔ አፈጣጠር ነው» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። «ምንም አልሆንሽም» ብላት ለማጽናናት ያህል ብቻ የተናገርሁት ይመስላታል። ስለዚህ ዝም ብዬ ወደ ቤቷ አደረስኋት። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ሰላም ስለ ነሣኝ፥ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በዓለም ላይ እንዴት እንደ ተጀመረና የልብስ ቍጥር የሚባለውም ከየት እንደ መጣ እየፈለግሁ አነበብሁ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ለእርሷ ያልሰጠኋት መልስ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እኔ ባደግሁበት ከተማ ልብስ ሰፊው ከሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። እናቴ ጨርቁን ከነጋዴ ገዝታ እኔን በእጄ ይዛ ትሄዳለች፤ እርሱም ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ይለካኛል። ሲሰፋም «ልጁ ያድጋል» ብሎ ከሱሪው እግር ሥር ሰፊ እጥፋት ይተው ነበር። ያ ሰው የለካው የዚያን ዕለቱን ቁመቴን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ዓመት ነበር።

በእንግሊዝ አገርም የቀድሞው ሥርዓት ከዚህ የራቀ አልነበረም። እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ልብስ ሰፊው የሚለካው ቍጥር በተጻፈበት ሜትር አልነበረም። አንድ የወረቀት ወይም የብራና ጥብጣብ ይዞ፥ የሰውየው ደረት የሚደርስበትን፥ ወገቡ የሚደርስበትን፥ ክንዱም የሚያልቅበትን ቦታ በመቀስ እየቀደደ ምልክት ያደርግበት ነበር። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ጥብጣብ ነበረው። በጥብጣቡ ላይ ያለው ምልክት የዚያ ሰው ብቻ ስለ ሆነ ለሌላ ሰው አይረባም።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ያለ ልክ ማመስገን አይገባም። ይህ ክብር የባለጠጎች ነበር። ድኻው የሚለብሰው ሚስቱ ወይም እናቱ የሰፋችለትን፥ ወይም ሌላው ለብሶ የሸጠውን አሮጌ ልብስ ነበር። ተሰፍቶ ያለቀ አዲስ ልብስ ከለበሱት ሰዎች መካከል ቀደምቶቹ የእንግሊዝ መርከበኞች ናቸው። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነጋዴዎች ለመርከቦቹ ሰፋፊ ሸሚዝና ሱሪ አሰፍተው ያቀርቡ ነበር፤ መርከበኛውም ዋጋው ከደመወዙ እየተቈረጠ ይወስድ ነበር። ያማረበት እንደ ሆነ የሚጠይቀው ግን አልነበረም፤ ብርዱን መከላከሉ ይበቃ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቍጥር የተጻፈበት ሜትር በልብስ ሰፊዎች ዘንድ ተስፋፋ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቅ ለውጥ ያመጣው እርሱ ነው። የሰው ልክ ቍጥር በሆነ ጊዜ ያንዱን ሰው ከሌላው ጋር ማስተያየት ተቻለ። ልብስ ሰፊዎችም የብዙ ሰዎችን ልክ አስተያይተው፥ «የደረቱን ስፋት ካወቅን የቀረውን በስሌት እናገኘዋለን» የሚል ዘዴ አወጡ። በዚያን ጊዜ ሰውየው ራሱ ሳይኖር ልብሱን መቍረጥ ተጀመረ።

በዚያው ዘመን አዶልፍ ኬትሌ የሚባል የቤልጅግ ሊቅ፥ በ1835 ባሳተመው መጽሐፍ «አማካይ ሰው» የሚባለውን ሐሳብ አስተማረ። በኋላም ከ5,000 የሚበልጡ የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ልክ መርምሮ ጽፏል። ኬትሌ አማካዩን ሰው የቍጥር ውጤት ብቻ አድርጎ አልቈጠረውም፤ የሰው ልጅ ትክክለኛ ምሳሌ አድርጎ ተመለከተው እንጂ። ከዚህም የተነሣ ከአማካዩ የራቀ ሰው እንደ ጐደሎ የሚታይበት መንገድ ተከፈተ።

የቀረውን መኪና ፈጸመው። በርተለሚ ቲሞንዬ የሚባል ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ በ1830 ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1831 ግን እንጀራችንን ይነጥቀናል ብለው የፈሩ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ገብተው የወታደር ልብስ ይሰፋባቸው የነበሩትን መኪናዎቹን ሰባበሩበት። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ኤልያስ ሃው በ1846፥ ይስሐቅ ሲንጀርም በ1851 የየራሳቸውን መብት አወጡ፤ የሲንጀር ስም እስከ እኛ አገር በረንዳ ድረስ ደረሰ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በሊድስ ከተማ ጆን ባራን የሚባል ሰው፥ ብዙ ድርብ ጨርቅ ባንድ ጊዜ የሚቈርጥ ስለታም ጥብጣብ ያለው መኪና በ1850ዎቹ መጨረሻ ሥራ ላይ አዋለ። አንድ መቍረጫ ባንድ ጊዜ የብዙ ኮት እጅጌ ሲያወጣ ዋጋው ወረደ። የፋብሪካ ሠራተኛውና ጸሐፊው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ያልለበሰውን አዲስ ኮት ለበሱ። ይህ ትልቅ በጎ ነገር ነውና ልንዘነጋው አይገባንም።

መኪናው ራሱ ጠላት አለመሆኑን የሚያስረዳ ሌላ ምስክር አለ። ሞንታግ በርተን በ1900 ገና በ15 ዓመቱ ከሊቱዌንያ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ነበር። ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍቶ ጀመረና፥ በየከተማው ባሉት ሱቆቹ ደንበኛውን እየለካ ልብሱን በሊድስ ፋብሪካው ያሰፋ ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት በዚያ ፋብሪካ ወደ 10,000 የሚሆኑ ሠራተኞች ነበሩት። ስለዚህ ሠራተኛው ሰው በተመጣጠነ ዋጋ በልኩ የተሰፋ ሙሉ ልብስ ያገኝ ነበር። መኪናና ሜትር ባንድነት መሥራት እንደሚችሉ በዚህ ታየ። በኋላ ግን ደንበኛውን ከመለካት ይልቅ ደንበኛው ከመስቀያ እንዲመርጥ ማድረግ የበለጠ ስለ ረከሰ፥ ያ ሥራ እየቀነሰ ሄደ።

አሁን የእህቴ ልጅ ወዳለቀሰችበት ነገር እንምጣ። ይኸውም የሴቶች ልብስ ቍጥር ነው። በ1939 እና በ1940 በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ትእዛዝ ወደ 15,000 የሚሆኑ ሴቶች እያንዳንዳቸው በ59 ዓይነት ልክ ተለኩ። ሥራው በሩት ኦብራየንና በዊልያም ሼልተን ስም በ1941 ታተመ። ነገር ግን በስሌቱ ውስጥ የገባው የነጮቹ ሴቶች ልክ ብቻ ነበር። ለመለካት የመጡት ሌሎች ሴቶች ቢለኩም ልካቸው ወደ ጐን ተተወ። ከዚህ ጥናት በ1958 የአሜሪካ የሴቶች ልብስ ቍጥር ደንብ ወጣ፤ በ1983 ደግሞ ተሻረ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ እያንዳንዱ ነጋዴ ቍጥሩን እንደ ፈቀደ ይሰጥ ጀመር። ብዙዎቹም ሴቲቱ ትንሽ ቍጥር ለበስሁ ብላ ደስ እንዲላት ሰፊውን ልብስ በትንሽ ቍጥር ይጠሩታል። በእንግሊዝ አገርም ሱቅ ሁሉ የሚገዛበት አንድ ልክ የለም። ባንድ ጐዳና ላይ 10 የነበረችው ልጅ 14 የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ፥ በሁለት ሱቆች መካከል ሰውነቷ ተለውጦ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝን ሁለት ታሪክ ልንገርህ። በአሜሪካ የብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ልክ በአማካይ ተሰልቶ አንድ ሐውልት ተሠራና «ኖርማ» ተባለ። በ1945 በክሊቭላንድ ከተማ የሚታተም ጋዜጣ፥ አካሏ ከኖርማ ጋር ለሚስማማ ሴት ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ ዐወጀ። 3,864 ሴቶች በዘጠኝ ዓይነት ልክ ተወዳደሩ። ከነርሱ መካከል በዘጠኙም ልክ ከኖርማ ጋር የተስማማች አንዲት ሴት እንኳ አልተገኘችም። በአምስቱ ብቻ የተስማሙት እንኳ አርባ አልሞሉም።

ሁለተኛውም እንዲህ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል የአውሮፕላን ነጂዎቹን መቀመጫ ለአማካይ ሰው አሠርቶ ነበር። በ1950 ጊልበርት ዳንኤልስ የሚባል ወጣት ሌተናንት፥ 4,063 ነጂዎች የተለኩበትን መዝገብ ይዞ በአሥር ዓይነት ልክ አማካይ የሆነው ስንቱ እንደ ሆነ ቈጠረ። በአሥሩም አማካይ የሆነ አንድ ሰው እንኳ አጣ። በዚህ ጊዜ አየር ኃይሉ ያደረገውን ልብ በል። ነጂዎቹን «አካላችሁ ተበላሽቷል» አላላቸውም። መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሄድ፥ ከፍና ዝቅም እንዲል አዘዘ እንጂ። መቀመጫው ለሰው ተሠራ፤ ሰው ለመቀመጫው አልተሠራምና።

እንግዲህ የዚያ ሁሉ ሱቅ ልብስ የተቈረጠው በዓለም ላይ ላልተወለደች ሴት ነው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ከዚያች ሴት ባንድ ነገር ይለያል፤ አንዱ በትከሻው፥ አንዱ በወገቡ፥ አንዱ በክንዱ ርዝመት። ልብሱ በልኳ የሆነላት ሴት ዕድል ቀናት እንጂ ከሌሎቹ ይልቅ አልተሟላችም።

በዚህም ላይ የሚያሳዝን ሌላ ነገር አለ። ገዢውን ሳያይ የሚሠራ ንግድ ሰፊውንም ሳያይ ይቀራል። በ2013 በሚያዝያ ወር በባንግላዴሽ አገር፥ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሱቆች ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የሚባል ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ሳለ ሠራተኞቹ እንዲገቡ ታዘዙ። ያ በረንዳ ላይ የነበረው ልብስ ሰፊ እናቴን ያውቃት ነበር፤ እናቴም ታውቀዋለች። ዛሬ ግን የእህቴን ልጅ ኮት የሰፋችው ሴት ማን እንደ ሆነች አናውቅም፤ እርሷም ትከሻው ማንን እንደሚገጥም አታውቅም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ወደ እህቴ ልጅ ቤት ሄጄ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ስለ አውሮፕላን ነጂዎቹ ስነግራት ሣቀች። ከዚያም ተነሥተን ከሱቆቹ ባንዱ ትከሻዋን በደንብ የሚገጥም፥ ቀለሙም ደስ ያላትን አንድ ኮት ገዛን፤ እጅጌው ረዥም፥ ወገቡም ሰፊ ነበር። ይህንንም ከዋናው ጐዳና ወጣ ባለ መንገድ ላይ ልብስ ወደሚያስተካክል አንድ ሽማግሌ ወሰድነው። ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ፥ መርፌ ቍልፉን በከንፈሩ ይዞ፥ እጅጌውን አሳጠረ፤ ወገቡንም ጠበበ። ሲለካት አንድ ጊዜ እንኳ ቍጥሯን አልጠየቃትም። በአራተኛው ቀን ለብሳው መስተዋት ፊት ቆማ፥ «ጋሼ፥ እኔን መሰለ» አለች።

እናንተም ወጣቶች፥ ልብስ አልሆን ባላችሁ ጊዜ ልብሱን ፍረዱበት እንጂ ሰውነታችሁን አታዋርዱ። ብዙ ከመግዛት ጥቂት ገዝታችሁ አስተካክላችሁ ልበሱ፤ መርፌና ክር መያዝም ለወንድም ለሴትም ነውር አይደለምና ተማሩት። ነገ ደግሞ ከእናንተ አንዱ አስተማሪ፥ አንዱ ሹም፥ አንዱ ሐኪም ይሆናል፤ በእጁም የሰው መለኪያ ይሰጠዋል። በዚያን ጊዜ በመለኪያው ያልገጠመ ተማሪ ወይም ባለጉዳይ ወይም በሽተኛ ሲመጣባችሁ፥ ሰውየውን ጐደሎ ከማለታችሁ በፊት መለኪያው በማን ልክ እንደ ተሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁ።